የሁለቱ ቤልጅጎች መዝጊያ

መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። እንደ ልማዴ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ባለቤቴ አልጋነሽ "አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ይቆረቁርሃል?" እያለች ከተጋባን ጀምሮ ትስቅብኛለች። አንድ ጎልማሳ ከባጃጅ ወርዶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፎ ወደ እኔ መጣ። ገና ሳይፈታው የበግ ላትና ነጭ ጋዝ ለዘመናት የጠጣ እንጨት ሸተተኝ። ይህን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ጊዜዬ! የዛሬው መሣሪያ ሽታው ሌላ ነው፤ የመኪና ዘይት ነው የሚሸተው።

"ቤልጅግ ነው የያዝከው" አልኩት።

"ወላሂ ልክ ነዎት! ሳያዩት እንዴት አወቁት አያ ሞላ?" ብሎ ሳቀ። ከረጢቱን ፈትቶ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠፍሯል። "ሰይድ እባላለሁ፣ የእንድሪስ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሞተ ቆየ፣ አላህ ይርሃመው። የፊታችን እሑድ ልጄን እድራለሁ። ሰደፉን ካበጁልኝ፣ ሙሽራዋ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ላሰማበት ነው። አባቴ በዕድሜው አንድ ቀን አላሰማበትም፤ እኔ ላሰማለት።"

የእንድሪስን ስም ስሰማ ጠመንጃውን ከእጁ ተቀበልኩ። ጠመንጃውን ወደ ብርሃን አዙሬ መነጽሬን አደረግሁ። በርሜሉ ሥር የተመታው ቁጥር በ41 ያልቃል። መዝጊያው፣ ማለትም ከኋላ የሚሳበውና ጥይቱን ገፍቶ የሚቆልፈው ብረት፣ ቁጥሩ በ14 ያልቃል። የዚህ ጠመንጃ መዝጊያ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ቁጥሩን ማንበብ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። መዝጊያና በርሜል ፋብሪካው ውስጥ አንዱ ለሌላው ተለክተው የተገጣጠሙ ናቸው። በሌላ መዝጊያ የፀጉር ያህል ክፍተት ከተፈጠረ ቀለሁ ይሰነጠቅና እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመጣል። ምንም ላይሆንም ይችላል። ይኸው "ላይሆንም ይችላል" ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዕረፍት የነሳኝ።

"ሐሙስ ና" አልኩት። እሱም አመስግኖ፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ የሚያገኘኝ ጠፋ። ሰደፉን ሞርሳ ላይ አስሬ ኮላ ከቀባሁ በኋላ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ አቅቶኝ ቆቦን ከዳር ዳር ዞርኩ። ሱቄ የነበረበት ማዕዘን ላይ ዛሬ የስልክ ሽፋንና የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ያኔ ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከሻይ ቤቱ ጎን፣ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ የሚቀርባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችኝ። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ባለ ሻይ ቤቱ ቴፑን ከፍ ያደርገዋል፤ ያ ካሴት ከመጫወት ብዛት የተነሳ ክሩ ላልቶ ዘፋኙ ሰካራም መስሎ ነበር፣ እኛ ግን በዚያው ዜማ ለምደነው፣ በኋላ ትክክለኛውን ስንሰማ የቸኮለ መሰለን። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ከነብስኩቱ ስሙኒ ነበር። የቤልጅግ ጥይት አንዱ በብር፤ ራሱ ቤልጅጉ ደህና ከሆነ ሁለት ሰንጋ ያወጣል። ጎልማሶቹ የሚለብሱት እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ሽርጥና ባለ አራት ኪስ ካኪ ሸሚዝ፣ እግራቸው ላይ በረባሶ፣ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ የተሰካ ነበር። ጠመንጃውን ትከሻና ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በሁለቱም ጫፍ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። በጠባብ በር የሚገቡት በጎን ነበር። ያኔ ማን ገዛ፣ ማን ወረደ እያልኩ አልዘረዝርም፤ ያንን የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የማስታውሰው ያ ሁሉ ሰው ሲሄድና ሲመጣ ጠመንጃዎቹ እዚሁ መቅረታቸውን ነው።

የገበያ ቀን ሱቄ ደጃፍ ላይ ክርክሩ ይጦፋል። ለሁሉም የራሱ ጠመንጃ ሚስቱ ናት፤ የሌላው ደግሞ ጎረቤት ያመጣት። "እንግሊዝን የሚያህል የለም፤ አሥር ጎራሽ ነው፣ እጄን ሳላነሳ አሥሩን እለቀዋለሁ!" ይላል አንዱ። እውነቱን ነው፤ የእንግሊዙ መዝጊያ አጭርና ለስላሳ ነው፣ ሲሄድም ሲመለስም ቅቤ የገባበት ይመስላል። "አሥር ጊዜ የሚስት ሰው ነው አሥር ጎራሽ የሚሻው" ይለዋል የቤልጅጉ ጌታ፤ የእሱ አምስት ብቻ ይጎርሳል፣ ግን የላከበት ይደርሳል፣ አናቱም ላይ አንበሳ ተመትቶበታል። መስኮብ የምንለው የሩሲያው ደግሞ ረጅም ነው፤ የመዝጊያው እጀታ ወደ ጎን እንደ ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የሰው ሸሚዝ ሲቀድ ነው የሚውለው። አቧራ ሲገባው ይደነድንና በመዳፍ እየደለቁ ይከፍቱታል፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሲነሳ ግን ከእሱ ቀድሞ የሚተኩስ አላየሁም። ጣሊያን ትቶት የሄደው ምንሽር ቀጭን፣ ቀላል፣ እንደ ሸንበቆ የሚያምር ነበር። ችግሩ ስድስቱ ጥይት በቆርቆሮ ማቀፊያው ታስሮ ካልገባ እሺ አይልም፤ ማቀፊያው ደግሞ የመጨረሻው ጥይት ሲነሳ ከሆዱ ሥር ወደ መሬት ይወድቃል። ስለዚህ ባለ ምንሽር ተኩሶ ሲጨርስ መሬት ለመሬት ማቀፊያውን ሲፈልግ ነው የምታየው፤ ይሳቅበታል። የፈረንሳዩን ውጅግራ የያዙት አዛውንቶች ነበሩ። አንድ ጥይት፣ እሱም የአውራ ጣት ያህል። ጭሱ እስኪበተን ድረስ መታሁ አልመታሁ ብለው ቆመው ይጠብቃሉ።

እኔ አናጺ ነኝና በእንጨቱ ነው የምፈርደው። እንግሊዙ ሰደፉ ለብቻው፣ የፊቱ እንጨት ለብቻው ነው፤ ሲሰበር ግማሹን ሠርቼ እገላገላለሁ። ቤልጅጉ ወጥ ነው፣ አንገቱ ላይ ለሁለት ከተሰበረ ሙሉውን ከዋንዛ መጥረብ ነው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል። ዋንዛ ይቀላል፤ ወይራ ያምራል፣ ግን ባለቤቱ ከሳምንት በኋላ ትከሻዬን ብሎ ይመጣል። የፈረንጁን እንጨት ግን አንዱም አይተካውም፤ በመላጊያ ስነካው የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጥይት መተኮስ ወድጄ አላውቅም። ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ይህን ሁሉ ጠመንጃ በእጄ አሳልፌ አንድም ቀን ወደ አንድ ነገር አነጣጥሬ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ፤ እየሸሸሁት ነው። በቆቦ ዙሪያ ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በእርከን እያዞርን ነው ማሽላ የምናበቅለው። ጎርፉ በማን ማሳ ቀድሞ ይግባ በሚል ጠብ የእንድሪስ ታላቅ ወንድም ተገደለ። ገዳዩ የአደም ታናሽ ወንድም ነበር፤ እሱ ወደ አፋር በረሃ ሸሽቶ ቀረና ደሙ በሁለቱ፣ በእንድሪስና በአደም መሃል ተንጠለጠለ። ሁለት ዓመት ሁለቱም ቤቶች ማሳቸውን በጠመንጃ እየጠበቁ አረሱ። በመጨረሻ አበጋሩ ጣልቃ ገቡ። አበጋር በእኛ ቆላ ደም የሚያደርቅ፣ ቃሉን እስላም ክርስቲያኑ የማያልፈው ሽማግሌ ነው። የእኛ አበጋር የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ዕርቅ ላይ የሚቀመጥ ወንድ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፣ ባዶ እጁን ና አይሉትም፤ ነገር ግን መዝጊያው ይወጣና እሳቸው ፊት በተነጠፈው ኩታ ላይ ይቀመጣል። ዱአ ተደርጎ፣ አሚን ተብሎ ሲያልቅ ይመለስለታል። ያለ መዝጊያ ጠመንጃ ከባድ ዱላ ነው።

መዝጊያዎቹን የማወጣው እኔ ሆንኩ። ከሁለቱም ቤት ዘመድ የለኝም፣ ሥራውንም አውቃለሁ። የቤልጅጉ በግራ በኩል ያለችውን ማገጃ ስትጎትታት ይወጣል፤ መስኮቡና ምንሽሩ ቃታውን ካልያዝክለት እሺ አይልም፤ እንግሊዙ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ካላዞርክለት አይለቅህም። አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ሰዎቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ኩታው ላይ ደረደርኩ። ትልቁ ግራር ሥር ቀኑን ሙሉ ተባለ፤ ቂሙ ወጣ፣ ተለቀሰ። አደም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዋጃ እንዲሄድ፣ ማሳው ለሟች ልጆች እንዲሆን ተወሰነና ሁለቱ ተሳሳሙ። አበጋሩ በዚህ ደስ ብሏቸው፣ መዝጊያዎቹን እንደተደረደሩ የኩታውን አራት ጫፍ ይዘው ብድግ አደረጉትና "ይህ ሁሉ ብረት ከእንግዲህ ለአውሬ ይሁን!" ብለው ወደ ሰማይ አነሱት። "አሚን!" አለ ሕዝቡ። ብረቱ ኩታው ውስጥ ተንኳኩቶ ተደባለቀ።

ኩታው ሲፈታ እኔ እንድመልስ ተጠራሁ። መስኮቡ ቀጥ ያለ ነው፣ እንግሊዙ አጭር ነው፤ ሁሉንም ዓይኔን ጨፍኜ ባወጣው አልስትም። የቀሩት ሁለት ቤልጅጎች ናቸው፤ አንዱ የእንድሪስ፣ አንዱ የአደም። መንታ ናቸው። ቁጥራቸውን ከበርሜሉ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ዱአው ገና ከአፍ ሳይደርቅ፣ ጎንበስ ብዬ "ይህ የማን ነው?" እያልኩ ቁጥር ልመረምር? ከአበጋሩ ኩታ የወጣን ነገር መርምሮ መቀበል ዕርቁን እንደ መጠርጠር ነው። አፈርኩ። አንዱን ለእንድሪስ፣ አንዱን ለአደም ሰጠሁ። ሁለቱም ሳያዩ ገፍተው አስገቡ፤ ሁለቱም ገጠሙ።

በወሩ እንድሪስ የሰደፉን የብረት ጫማ ላሠራ ብሎ ጠመንጃውን አመጣ፤ ያን ጊዜ ነው 14 እና 41ን ያየሁት። ብነግረው "የወንድሜ ገዳይ ወንድም ብረት ቤቴ አድሯል፤ የእኔም እሱ ቤት" ይላል፤ ዕርቁ አልያዘም ተብሎ ደሙ ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ይተኩስና ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ ዋሸሁ። "እንድሪስ፣ የዚህ ጠመንጃ ደረቱ፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ብረት፣ ሳስቷል። ያዘው፣ አትሽጠው፣ ግን እንዳትተኩስበት።" ትኩር ብሎ አየኝና "አንተ ካልክ" አለ። አደም ጋ፣ ዋጃ ድረስ ሄጄ ሁለተኛ ውሸት ለመዋሸት ግን አንጀቴ አልቻለም። በዚህም የተነሳ ሰርግ በሆነ ቁጥር፣ ሰው ተቀምጦ ሲበላ፣ እኔ ተኩስ ስሰማ ብድግ እላለሁ። ያ አደም ይሆን? ቆመህ ብላ፣ ቆመህ ጠጣ ሆነ ኑሮዬ። ክፉው ጊዜ መጥቶ ከተማችን ላይ ቀንና ሌት ሲተኮስ እንኳ፣ በዚያ ሁሉ መሃል የማስበው ስለዚያች አንዲት ጥይት ነበር፤ ሰው እንዲህም ያለ ሞኝ ነው።

ሐሙስ ሰይድ መጣ። ሰደፉ ተጠግኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ላት ተቀብቶ ነበር። ጠመንጃውን ሰጠሁትና መዝጊያውን ግን እጄ ውስጥ ያዝኩ። ከግራሩ ሥር ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ሰደፉን በመዳፉ እየዳሰሰ፣

"ደረቱ ደህና ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነበር።"

"አያ ሞላ፣ አባቴን እኮ ንፉግ ይሉት ነበር። ሦስት ልጆቹን ሲድር አንድ ጥይት አላሰማም። እህቴ ስትዳር ጨፋሪዎቹ ፊት ለፊቱ ቆመው 'እንድሪስ ጥይቱን ያረባዋል' ብለው ተሳለቁበት። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ልጁ ጭምር አፈርኩበት። በእርስዎ ውሸት ነው?"

"በእኔ ነው" አልኩት። የእንድሪስን ዓይን በማስፈራራት ያተረፍኩ መስሎኝ ስሙን ነበር ያጠፋሁት፤ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ስለ ራሴ ጭንቀት እንጂ ስለ እሱ ኀፍረት አላሰብኩም።

"አደም አለ?" አለኝ ሰይድ።

"አለ ይባላል።"

"እንግዲያውስ እንሂድ። የአባቴን መዝጊያ ይስጠኝ፣ እሑድ በእሱ እተኩሳለሁ።"

ጠመንጃውን ቤት ትተን፣ መዝጊያውን ሰይድ ኪሱ ከትቶ፣ ዋጃ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሾፌሩ "አባባ ምነው ይቀመጡ እንጂ" እስኪለኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ ቆሜ ነበር። አደምን የቤቱ ጥላ ሥር አገኘነው። ጥርሱ አልቋል፤ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ነው።

"ኧረ ሞላ! ሞቷል ብለውኝ አዝኜልህ ነበር እኮ" አለኝ። ሰይድን አስተዋወቅሁትና ቁጭ ሳልል ነገሩን ዘረገፍኩት። አደም እየሰማ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይስቃል።

"አብሽር ሞላ፣ አብሽር። እኔ በዚያው ምሽት ነው ያወቅሁት። የጠመንጃዬን ቁጥር ከልጄ ስም ለይቼ አላየውም። አበጋሩ አውቀው ያደረጉት መሰለኝ፤ እሱም በእኔ ላይ፣ እኔም በእሱ ላይ እንዳንተኩስ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው አልኩ!"

"እንድሪስስ?" አልኩ።

"በዓመቱ ጎብዬ ገበያ ተገናኘን። 'ያንተ እኔ ጋ ነው' አልኩት። 'አውቃለሁ፣ ያንተም እኔ ጋ ነው' አለኝ። 'እንመላለስ' ስለው ትንሽ አሰበና 'ተወው፤ አናጺው ደረቱ ሳስቷል ብሎ ዋሽቶኛል። የአበጋሩን ምስጢር እየጠበቀ ይመስለኛል፣ እሱን አናሳፍረው። አንተ እስካልተኮስክ እኔም አልተኩስም' አለ። በዚያው ቀረ። እኔንም እዚህ ንፉግ ነው የሚሉኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። አንዳቸው አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጥቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እነሱ ምስጢሩን ለሁለት ተካፍለው ቀልሏቸው ሲኖሩ፣ ብቻዬን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን እንድሪስ ያን ቀን ትኩር ብሎ ያየኝ ዓይን ትዝ አለኝ። "አንተ ካልክ" ያለኝ አምኖኝ መስሎኝ ነበር።

አደም ልጁን ጠርቶ ከማሽላው ጉድጓድ አጠገብ የተቀበረች ጣሳ አስወጣ። ጠመንጃው በክፉው ጊዜ ተወስዷል፤ መዝጊያውን ግን ቀድሞ አውጥቶ ሸሽጎ ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለውን ፈትቶ ሽርጡ ላይ አኖረው። 41። ሰይድም 14ን ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ አኖረው። "የአባትህ ነው፣ ውሰደው" አለ አደም፤ "የእኔን ብትተውልኝም የምቆልፍበት ጠመንጃ የለኝም።"

ሰይድ የአባቱን መዝጊያ አነሳ። ዘይቱን በጣቱ ጠረገ፣ እጀታውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ። "ይገጥማል አያ ሞላ?" አለኝ። "እንደ ተሠራለት ቀን" አልኩት። ሰይድ ግን መልሶ የአደም ሽርጥ ላይ አስቀመጠውና 14ን ኪሱ ከተተ። "ሰርጉ ላይ እንዳይቀሩ፣ አባባ" አለው።

እሑድ ሙሽራዋ ስትወጣ ሰይድ ያንን ቤልጅግ በተጠገነ ሰደፉ ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆመ። ጭፈራው ጦፎ፣ ጎረምሶቹ ከበቡት። "ሰይድ ተኩስ እንጂ! ጥይቱን ለማን ልታወርሰው ነው? እንደ አባትህ ንፉግ ነህ እንዴ?"

"አዎ" አለ ሰይድ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፤ "እንደ አባቴ ነኝ።"

ሳቁበት። አደም አጠገቤ ሆኖ፣ የእንድሪስ መዝጊያ ባለበት በካኪ ኮቱ ኪስ ላይ እጁን ጫን አደረገ። አልጋነሽ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ ስትፈልገኝ አየኋት፤ እንደ ወትሮዋ የቆሙትን ሰዎች ነበር የምታየው። ዓይኗ ዝቅ ብሎ እስኪያገኘኝ ጊዜ ወሰደባት። ተቀምጬ ነበር።